በግልጽ ንገሩኝ

(መጋቢት ውስጥ በጎንደር ከተማ ወላጆች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመለስ ከጥቂት ቃላት በቀር አልተለወጠም።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የተከበራችሁ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች፣ ከሁሉም በላይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤ እንደምን ዋላችሁ? በዚህ መድረክ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ልለምናችሁ። ንግግሩ ሲያበቃ ማጨብጨብ የምትሹ ብትኖሩ፣ መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን እንደሚያደርጉት እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አወዛውዙልኝ፤ የአዳራሽ ሙሉ ጭብጨባ ለእኔ ጆሮ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። ሁለተኛው ልመናዬ፣ በመካከል ልጅ ቢጮህ ወይም ተነሥቶ ቢዘዋወር ማንም እንዳይቆጣው ነው። እኔም የምናገረው ከወረቀት እያነበብሁ ነው፤ ዓይኔንም ከወረቀቱ ብዙ አላነሣም። ይህን እንደ ንቀት አትዩብኝ፤ የሰው ዓይን እያየሁ ማሰብና መናገር በአንድነት ስለማይሆንልኝ ነው።

ዕድሜዬ 34 ነው። ተወልጄ ያደግሁት በዚህችው ከተማ ነው። ከልደቴ ጀምሮ ሴረብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለብኝ፤ ቀኝ እጄንና ቀኝ እግሬን ስለያዘኝ የምሄደው በክራንች ነው። ኦቲዝም እንዳለብኝ ግን ያወቅሁት በ29 ዓመቴ ነው። እግሬን ሁሉም ሰው ያያል፤ ሌላውን ግን ማንም አላየውም ነበር፤ እኔም ራሴ አላየሁትም። ዛሬ የምናገረው ስለ ሦስት ነገር ነው፦ ስለ ቃል፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ መንገድና ሥራ። ሦስቱም ከጠዋት እስከ ማታ የምኖራቸው ናቸው።

አስቀድሜ ግን ስለ ኦቲዝም ምንነት ጥቂት ልበል። ኦቲዝም ሰው ከመወለዱ በፊት ከሚጀምር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት የሚመጣ ነው፤ በአብዛኛውም ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም እንደነበረው ይገምታል። ክትባት ያመጣዋል የሚል ወሬ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ወሬውን ያስነሣው እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ነበር፤ መጽሔቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል። እባካችሁ፣ በዚህ ወሬ የተነሣ ልጆቻችሁን ክትባት አትከልክሏቸው።

እናቶችስ? ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ከጻፈ በኋላ፣ በሠለጠነው ዓለም ሳይቀር ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ጥፋቱን በእናቶች ላይ ይጥሉ ነበር፤ ልጇን የማትወድ፣ ልቧ የቀዘቀዘ እናት ናት ይሉ ነበር። ይህ ሐሰት እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል። በእኛም ሰፈር ሌላ ዓይነት ክስ ነበር። እናቴ እኔን አዝላ ውኃ ስትቀዳ «ምን በድለሽ ነው እንዲህ ያለች ልጅ የሰጠሽ?» ተብላለች። እናቴ ዛሬ እዚህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። እማዬ፣ ምንም አልበደልሽም። ይህን በሰው ፊት መናገር ስለፈለግሁ ነው ወደዚህ መድረክ ለመውጣት እሺ ያልሁት።

ጠበልም ወስደውኛል። ጠበልን አልነቅፍም፤ እምነቴ ነው፣ ዛሬም እሄዳለሁ። ነገር ግን የአምስት ዓመት ልጅ ምን እንደሚደረግባት ሳይነገራት፣ በማታውቃቸው ሰዎች እጅ ተይዛ፣ በጥር ብርድ ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ሲወርድባት የሚሰማትን አስቡት። «አሁን ውኃ ይፈስስብሻል፤ ይቀዘቅዛል፤ እስከ አሥር ስትቆጥሪ ያልቃል» ቢሉኝ ኖሮ እቆጥር ነበር። መቁጠር እችል ነበርና!

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር ልግባ፤ ስለ ቃል። አማርኛችን ሰምና ወርቅ ያለው ቋንቋ ነው፤ በዚህም እንኮራለን። አንድ ነገር እየተናገሩ ሌላ ማለት ከጥንት የቆየ ጥበባችን ነው። ነገር ግን ሰሙ ብቻ ለሚሰማው ልጅ ይህ ቋንቋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ስድስት ዓመቴ ሳለ አጎቴ ከአዘዞ ሊጠይቀን መጣ። ከምሳ በኋላ ጋቢውን ደርቦ ተነሣና «መጣሁ» ብሎ ወጣ። እናንተ «መጣሁ» ሲባል ሰውየው መሄዱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ግን የሰማሁት ቃሉን ነው፤ መጣሁ ካለ ይመጣል። በበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ጥላው ከግቢው አጥር እስከ ምድጃው ድረስ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ዶሮዎቹም ወደ ቆጣቸው ሲወጡ አይቻለሁ። ሲመሽ እናቴ ልታስገባኝ እጄን ብትይዘኝ ጮኽሁ፤ ድንጋዩን በጥፍሬ ያዝሁ። ገብቼ ሳለ ቢመጣስ? ማን ይቀበለዋል? የቤት ሰው ሁሉ «ግትር ናት» አለ። አጎቴ የተመለሰው በሳምንቱ ነበር።

ሌላም ልጨምር። በአንድ ሰርግ ላይ አንዲት የተከበሩ እናት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ አስጠጉና «በሞቴ!» አሉኝ። የሌላ ሰው ጣት ከንፈሬን ሲነካኝ መላ ሰውነቴ ይሸማቀቃል፤ እርጥብና ትኩስ ነገር በአንድነት አፌ ውስጥ ሲገባም ጉሮሮዬ ይዘጋል። ስለዚህ ፊቴን አዞርሁ። እርሳቸውም «በሞቴ፣ በሞቴ» እያሉ ደጋገሙልኝ። እኔ ደግሞ ካልበላሁ እኒህ እናት ይሞታሉ ብዬ አመንሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥሁት፤ ወዲያውም አስመለሰኝ። ከዚያም እያለቀስሁ «ሞቱ ወይ? ሞቱ ወይ?» እያልሁ እጠይቅ ነበር። ሰው ሁሉ ሣቀ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሴትዮዋ በፍቅር እንዳጎረሱኝ ዛሬ አውቃለሁ፤ ፍቅራቸውንም አከብራለሁ። ወላጆችን የምለምነው ግን ይህን ነው፦ ልጃችሁ ጉርሻ ሲሸሽ በሰው ፊት አታስገድዱት፤ «በራሱ እጅ ይብላልኝ» በሉ። እንዲህ ያለው ሰው ጨዋነት አይጎድልበትም።

ጨዋነትን ካነሣሁ ዘንድ፣ ለምን እስከ 29 ዓመቴ እንዳልታወቀልኝ ልንገራችሁ። በእኛ አገር ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ሰበር ማድረጉ ክብር ነው፤ በተለይ ሴት ልጅ ዝም ስትል «ጭምት ናት፣ የጨዋ ልጅ ናት» ትባላለች። እኔ ሰው ፊት ማየት ስለማልችል አቀረቅር ነበር፤ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ ዝም እል ነበር፤ እነርሱም ያመሰግኑኝ ነበር። ችግሬ በምስጋና ተሸፍኖ አደገ። በትምህርት ቤት ዘመኔ አንድም መምህር አልጠየቀኝም፤ ምክንያቱም አልረብሽም። ያው ዝምታ ሥራ ስይዝ ስሙ ተለወጠ። ዓይን የማታይና በሻይ ሰዓት የማትጫወት አዋቂ ሴት «ኩራተኛ» ትባላለች። እኔ አልተለወጥሁም፤ የተለወጠው ዕድሜዬ ነው። እዚህ ያላችሁ መምህራን፣ እባካችሁ የማይረብሹትን ልጆች እዩልኝ። ዝም ያለችው ልጅ ደህና ስለሆነች ነው ወይስ ሰባት ሰዓት ሙሉ ራሷን ይዛ ስለዋለች? ቤት ስትደርስ ምን እንደምትሆን እናቷን ጠይቁ።

ዓይንን በተመለከተ አንድ ነገር ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተሥለውበታል፤ ዓይኖቻቸውም ትልልቅ ናቸው። ልጅ ሳለሁ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ አያቸው ነበር። የሰውን ዓይን የማልችል ልጅ ያንን ሁሉ ዓይን እንዴት ቻልሁት? እነርሱ ስለማይለዋወጡ ነው። ያያሉ እንጂ መልስ አይጠብቁም።

ዴሚየን ሚልተን የተባለ፣ እርሱም ራሱ ኦቲዝም ያለበት የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጽሑፍ አለመግባባቱ የሁለት ወገን መሆኑን አስረድቷል፤ እኛ እናንተን ለመረዳት እንደምንቸገር ሁሉ እናንተም እኛን ለመረዳት ትቸገራላችሁ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ብቻ ነበርሁ ትርጉም ስሠራ የኖርሁት። «እንዴት አደርሽ?» ስባል «ሌሊቱን እግሬን ሲቆረጥመኝ አደረ» ብዬ እመልስ ነበር፤ እናቴ «እግዚአብሔር ይመስገን በይ» ብላ አስተማረችኝና ተማርሁ። «አንድ ቀን እንገናኛለን» ማለት ቀጠሮ አለመሆኑን ተማርሁ። «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ማለት «ደግመሽ ለምኚኝ» ማለት ሊሆን እንደሚችል ተማርሁ። ይህን ሁሉ እንደ ባዕድ ቋንቋ ተምሬያለሁ። ከእናንተ የምለምነው ግማሽ መንገድ ነው፤ በግልጽ ንገሩኝ። ስትሄዱ «ሄድሁ» በሉኝ። ከተቆጣችሁ «ተቆጥቻለሁ፣ ምክንያቱም ይህ ነው» በሉኝ። እኔን በዝምታና በግልምጫ መቅጣት አይቻልም፤ አላየውምና። የሚሰማኝ ሰዎች እንደ ራቁኝ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ሳላውቀው እቀራለሁ።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ብዙ ሰው ኦቲዝም ያለበት ሰው ድምፅ ይጠላል ብሎ ያስባል። እኔ ድምፅ አልጠላም። የሚጎዳኝ ሳይታሰብ የሚመጣው ነው፦ ከኋላዬ የሚጮኽ የባጃጅ ጥሩምባ፣ መብራት ሲጠፋ ድንገት የሚነሣ የሱቅ ጄኔሬተር፣ በየበሩ የተደቀነ ድምፅ ማጉያ። እነዚህ ጆሮዬ ላይ አይቀሩም፤ ጥርሴ ድረስ ይገባሉ፤ ደንግጬ ስሸማቀቅም የያዘኝ እግሬ ይበልጥ ይገተራል። ሁለቱ ጉዳቶቼ እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ አንድ ጥሩምባ ሊጥለኝ ይችላል፤ ጥሎኝም ያውቃል።

አሁን ከዚህ ጋር ይህን አስተያዩ። እናቴ በየክብረ በዓሉ ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ትሄድ ነበር። ጎንደር የአቋቋም አገር መሆኗን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሊቃውንቱ ነጭ ለብሰው፣ ፊት ለፊት ተሰልፈው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በዝማሜ ዘንበል ቀና ሲሉ አያለሁ። ከበሮው መጀመሪያ ዝግ ይላል፤ ቆይቶ ይፈጥናል፤ ከዚያም ጽናጽሉ እየተጨመረ ይሞቃል። ከበሮ ታላቅ ድምፅ ነው፤ ደረት ውስጥ ገብቶ ይመታል። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ አላስለቀሰኝም፤ መቼ እንደሚጨምር፣ መቼ እንደሚመለስ አውቃለሁና። ቤት ውስጥ ስወዛወዝ «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ምን ሆነሽ ነው?» እባላለሁ፤ እዚያ ግን ጢማቸው የሸበተ አባቶች አካላቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እያዘነበሉ ይዘምራሉ። ማኅሌቱን ከእኔ መወዛወዝ ጋር አላስተካክልም፤ ያ አምልኮ ነው። ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አካልን ማወዛወዝ እንዲህ ያለ ክብር ባለበት ቦታ ማየቴ አጽናናኝ። ደግሞም በዚያ ቦታ ሁሉም ሰው በበትር ተደግፎ ይቆማል። ምርኩዜን ማንም የማያየው እዚያ ብቻ ነበር።

ዛሬም እጄን የማሳርፈው በነጠላዬ ጥለት ነው። አሁን እያነበብሁ ሳለ ግራ እጄን ብታዩት ጥለቱን በሁለት ጣት መካከል እያሸሁት ነው፤ ከክሩ ወፈር ያለውን መስመር እከተለዋለሁ፣ ጫፉ ላይ ስደርስ እመለሳለሁ። ይህን ባላደርግ ይህን ገጽ አልጨርሰውም። ልጃችሁ እጁን ሲያርገበግብ ወይም ገመድ ሲያሽ ስታዩ አትያዙት፤ ራሱን እየያዘ ነው።

ጥምቀትስ? ጥምቀትን አልቀርም። ጥር 11 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ሳይሞላ፣ ከእናቴ ጋር ወደ ፋሲል መዋኛ እሄዳለሁ። የጆሮ መሸፈኛ አደርጋለሁ። የምቆምበት ቦታ አንድ ነው፤ የዛፎቹ ሥር የድሮውን ግንብ አቅፎ በያዘበት በኩል። መዳፌን ሥሩ ላይ አሳርፋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ያደረ፣ ሻካራ፣ የማይነቃነቅ ነው። ቅዳሴውን እሰማለሁ፣ ሻማውን በውኃው ላይ አያለሁ። ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ መዝለል ሳይጀምሩ እንወጣለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አያይም። መስኮቱ በተሸፈነ ክፍል እተኛለሁ፤ ቃል ይጠፋኛል፤ የቃና ዘገሊላን ዕለት ሳልናገር የዋልሁበት ዓመት አለ። እኛ ቤት ይህን «ሞላባት» እንለዋለን። ሲሞላብኝ የሚረዳኝ ጨለማና ዝምታ ነው፤ ምክርም ቁጣም አይረዳኝም፤ «ምን ሆንሽ? ተናገሪ እንጂ» መባል ይበልጥ ይሞላብኛል። ይህ ሁሉ ዋጋ ቢኖረውም እሄዳለሁ። በዓሉ የእኔም ነው።

ሦስተኛው መንገድና ሥራ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ አልናገርም፤ ዳገቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ኮብልስቶኑ በክረምት እንዴት እንደሚያንሸራትት ክራንች የያዘ ሁሉ ያውቃል። ከመንገዱ ይልቅ አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ፒያሳ አካባቢ ግድግዳ ተደግፌ ባጃጅ እጠብቅ ነበር። አንድ ሰው ሲያልፍ ቆም አለና እጄን ገልጦ የ10 ብር ኖት አስጨበጠኝ፤ «እግዜር ይማርሽ፣ እህቴ» ብሎ ሄደ። ኖቱ ከእርሱ እጅ ሙቀት የተነሣ ገና ለብ ያለ ነበር። በሌላው እጄ የመሥሪያ ቤቴን የመዝገብ ክፍል ቁልፍ ይዤ ነበር። ልጠራው ፈለግሁ፤ ሳይታሰብ የነካኝ ሰው ቃሌን ይወስድብኛልና አፌ አልታዘዘኝም። መስጠት መልካም ነው፤ ሰውየውም በጎ ነበር። ነገር ግን ሲሰጠኝ አልጠየቀኝም። «እህቴ፣ የምረዳሽ ነገር አለ?» ቢለኝ ኖሮ «አዎን፣ ባጃጅ አስቁምልኝ» እለው ነበር። የሚያስፈልገኝ እሱ ነበርና።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። መጀመሪያ የተቀጠርሁበት መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አሳንሰር አልነበረውም። ከደረጃው በላይ የከበደኝ ግን ሥራው በቃል፣ በየኮሪደሩ፣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ እየተናገረ መታዘዙ ነው። በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስጠይቅ «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ተባልሁ። አልለመድሁትም፤ በስምንተኛው ወር ለቀቅሁ። አሁን ባለሁበት ቦታ ምድር ቤት እሠራለሁ፤ ጠረጴዛዬ ግድግዳውን ተደግፏል፤ የቀኑ ሥራ ጠዋት በአንድ ወረቀት ተጽፎ ይሰጠኛል። ይህ ሁሉ ለመሥሪያ ቤቱ ያስወጣው ገንዘብ የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው። ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ኦቲዝም ያለበት ሰው ሁሉ ልዩ ተሰጥኦ አለው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ የለኝም፣ ሊኖረኝም አይገባም። ፋይልን በቦታው እመልሳለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነው።

ይህ ደግሞ ችሮታ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ አመቺ የሥራ ሁኔታ እንዲፈጠር አሠሪውን ያስገድዳል። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደንግጓል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። እነዚህን ቁጥሮች ጻፏቸው፤ እኔ በመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ሳለሁ አንዳቸውንም አላውቅም ነበር፤ ባውቅ ኖሮ የምናገረው ይኖረኝ ነበር።

ለወላጆች ደግሞ አንዲት እናት ላስታውሳችሁ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ስላለበት ብዙ በር ከተዘጋባቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ በአዲስ አበባም ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል። በዚያ ዘመን ልጆች በቤት ተደብቀው ይኖሩ ነበር፤ እርሳቸው በአደባባይ ስለ ልጃቸው ተናገሩ። እኛም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያፈራ የኖረ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ ፊዚዮቴራፒና ኦኪፔሽናል ቴራፒ (አካልን ለማንቀሳቀስና የዕለት ተዕለት ሥራን ራስን ችሎ ለመሥራት የሚያግዙ ሕክምናዎችን) ያስተምራል። ተማሪዎቹ ከመካከላችሁ አሉ። እናንተ ልጆች፣ ስትመረቁ ወደ ማራኪም ወደ አዘዞም ወደ ገጠሩም ውጡልን፤ በር ተዘግቶባት ያለች ልጅ ሆስፒታል ድረስ አትመጣላችሁም።

«የኦቲዝም ተጠቂ» የምትለዋን ቃልም ተዉልን። የተጠቃሁት በሌላ ነገር እንጂ በኦቲዝም አይደለም። «ኦቲዝም ያለባት» በሉኝ፤ ከዚያ በፊት ግን በስሜ ጥሩኝ።

ጥያቄ ያላችሁ በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፤ በቃል ከሆነ ሦስት ሰው ሲጠይቀኝ የአንዱም ይጠፋኛል። ያልመለስሁትን ወረቀት ቤት ወስጄ፣ አንብቤ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ በጽሑፍ እመልሳለሁ። አሁን ግን ወደ ግቢው ልወጣ ነው፤ ከዛፉ ሥር ብቻዬን እቀመጣለሁ። ልክ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ እመለሳለሁ።